ጎረቤቶቼን በአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ እንዴት ላሰባስብ?

የታችኛው ሰፈር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ከቤታችን ጀርባ ጅረት አለ። ልጅ እያለሁ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፣ መልሶ ይጎድላል፤ ማንም ከቁብ አይቆጥረውም ነበር። ባለፉት ሦስት ዓመታት ግን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ቤት ገብቷል። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነበር። እናቴን አዝዬ ወደ ላይኛው ጎረቤት ቤት ስወስዳት ውኃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ የውኃ ተን መያዝ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት። ዝናቡ ለምን ባንዴ እንደሚዘረገፍ ገባኝ። ካወቅኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ስለዚህ ስብሰባ ጠራሁ። ሁለት መቶ ወረቀት አባዝቼ በየበሩ ሥር አስገባሁ። ርዕሱ «የአየር ንብረት ለውጥና እኛ» የሚል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ገደማ እንደነበር፣ አሁን ግን ከ420 ማለፉን የሚያሳይ ግራፍ ሠራሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለጸደቀው የፓሪስ ስምምነት፣ ስለ 1.5 ዲግሪው የሙቀት መጨመር ገደብ፣ ሁሉንም አስረዳሁ።

ዘጠኝ ሰው መጣ። ከዘጠኙ ሁለቱ ዘመዶቼ ናቸው። መጨረሻ ላይ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሃል። ግን እኛ ምን እናድርግ ነው የምትለው?» አሉኝ። ዛፍ እንትከል፣ መብራት እንቆጥብ አልኩ። ራሴ ስሰማው እንኳ ባዶ ሆነብኝ። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አራት ሰው መጣ። ሦስተኛውን አልጠራሁትም።

ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጎርፉ በገባ ሌሊት ሁሉም በባዶ እግሩ ነው የወጣው። አንዱ የማያውቃቸውን ሴትዮ ፍራሽ ተሸክሟል፣ ሌላው የሰው ልጅ አቅፎ አድሯል። ያው ሰው ስብሰባ ሲባል ለምን ይጠፋል? የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሞክሮ የተሳካለት ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ኤሌክትሪከኛው፦

ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። አጠር አድርጌ ልንገርህ።

ሁለት መቶ ወረቀት ከምታድል ሃያ በር ብታንኳኳ ይሻልህ ነበር። ሰው ወረቀቱን አንብቦ «ሌላው ይሄዳል» ይልና ይተወዋል። ፊት ለፊት ቆመህ «ቅዳሜ ትመጣለህ?» ስትለው ግን ወይ እሺ ይላል፣ ወይ ምክንያቱን ይነግርሃል። ሁለቱም ይጠቅሙሃል።

አንድ የማልረሳው ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የተሠራው። ተመራማሪዎች በየቤቱ በር ላይ ኤሌክትሪክ ስለመቆጠብ መልእክት አንጠለጠሉ። ለአንዱ ቤት አካባቢን ትጠብቃላችሁ ይላል። ለሌላው ገንዘብ ይተርፋችኋል ይላል። ለሦስተኛው የበኩላችሁን ኃላፊነት ተወጡ ይላል። ለአራተኛው ደግሞ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችሁ ይህን እያደረጉ ነው ይላል። ቆጣሪ ሲነበብ ከሁሉም የበለጠ የቆጠቡት ስለ ጎረቤቶቻቸው የተነገራቸው ናቸው። የሚደንቀው፣ ሰዎች በቃል ሲጠየቁ ግን የጎረቤት ነገር እምብዛም እንደማይነካቸው ነው የሚናገሩት።

ስለዚህ «ማንም አልመጣም» እያልክ አታውራ። ያ ወሬ ሌላውንም ያስቀራል። በሰፈርህ የጣሪያ ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅም፣ ግቢውን ሲሚንቶ ሳያለብስ ሣር የተወ ሰው አይጠፋም። ፈልገህ አግኘው። ግቢውን ለሌሎች እንዲያሳይ ጠይቀው። ሰው የጎረቤቱን ግቢ ሲያይ የሚገባው ነገር በግራፍ ከሚገባው የተለየ ነው።

ጡረተኛዋ ነርስ፦

ሰላም ልጄ። እናትህን አዝለህ መውጣትህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ መጠሪያ አልመጣልኝም።

ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጎርፉ በገባ ሌሊት ሁሉም በባዶ እግሩ ወጣ ብለሃል። ስብሰባው ላይ ስለዚያ ሌሊት ተነጋገራችሁ? እንደገባኝ ከሆነ ንግግርህ የጀመረው ከግራፉ ነው። እነዚያ አዛውንት «ምን እናድርግ?» ያሉህ ሊያሳፍሩህ አይደለም። የሚሠሩትን ሥራ እየጠየቁህ ነበር።

የእኔን ላውራህ። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በሁለተኛው ዓመት ለአሥራ አንድ ቀን የቆየ ሙቀት መጣ። ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። በሰባተኛው ቀን ከእኔ ሦስተኛ በር ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሞተው ተገኙ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ከሞቱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። መስኮታቸው ዝግ ነው። ከወንበራቸው አጠገብ በግማሽ የተሞላ ብርጭቆ ውኃ ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ልጄ። ሙቀት የደከመን ልብ ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ሽማግሌ ሰው ጥማቱ ቶሎ እንደማይሰማው፣ መጀመሪያ ግራ እንደሚጋባና ከዚያ ድክም እንደሚለው አውቃለሁ። በራቸውን ከፍቼ ብገባ ኖሮ አንድ ጊዜ አይቼ እለየው ነበር። አልገባሁም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ምን እንደተደረገ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎ ላይ በመጣው ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮችን አነጻጸረ። ሁለቱም ውስጥ ብዙ ድኻና ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ አለ። በአንዱ የሞተው ሰው ግን ከሌላው በብዙ ይበልጣል። ልዩነቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ጥቂት ሰው በሞተበት ሰፈር ሱቆቹ ክፍት ናቸው፣ መንገዱ ሰው ይበዛበታል፣ አዛውንቱም ወጣ ገባ ይላሉ። በሌላው ብዙው ቤት ባዶ ሆኗል፣ የቀረውም ሰው በሩን ቆልፎ ይቀመጣል። ይህን ሳነብ ያ ዝግ መስኮት ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

ስብሰባ አልጠራሁም። ደብተር ይዤ አራት መንገድ በር በር ዞርኩ። የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሙቀት ሲመጣ የሚያሳስብዎት ሰው ማን ነው?» የአየር ንብረት ለውጥ የሚለውን ቃል አላነሳሁም። መደበቄ አልነበረም። መጀመሪያ ማዳመጥ ስለነበረብኝ ነው።

በሁለት ወር ብቻቸውን የሚኖሩ የ41 ሰዎች ስም ደብተሬ ላይ ሰፈረ። ለእያንዳንዳቸው ቅርብ የሆነ አንድ ጎረቤት ፈለግን። ሥራው ቀላል ነው። የሙቀት ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን ጠዋትና ማታ በር ማንኳኳት፣ ውኃ መጠጣታቸውን ማየት፣ ቤቱ ከጋለ ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ይዟቸው መሄድ። እምቢ ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ወጣት ለምን እሺ እንዳለኝ ስጠይቀው «ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። ከ41ዱ አንድም ሰው አልሞተብንም። ሁለቱን ግን በጊዜ ሆስፒታል አድርሰናል። አንደኛዋ ሴትዮ ዛሬ ደብተሩን የያዙት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ልብ በል። ሰው እንዲህ ባለ ሥራ ከተገናኘ በኋላ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ይመጣል። «እኛ ልጅ እያለን እንዲህ አልነበረም፣ ምን መጣ?» ብለው የጠየቁት እነሱ ናቸው። ግራፍህ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። እንዳትጥለው።

ከዚያ የሠፈሩ ልጆች በአሥራ ሁለት ቦታ ቴርሞሜትር ሰቅለው ለአንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እያነበቡ መዘገቡ። ዛፍ ባለበትና ራቁቱን በቀረው ጥግ መካከል የአራት ዲግሪ ልዩነት አገኙ። ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን በር ነው! ከዚያ «የእኛ መንገድ ለምን ቀይ ሆነ?» ይላል። ዛፍ የመትከሉ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ካርታ ነው እንጂ ከእኔ አይደለም።

ዛፉ ላይ ግን ተሳስተናል። እንዳትደግመው ብዬ ነው የምነግርህ። በአንድ ቀን 80 ችግኝ ተከልን። ያ ቀን ደስ የሚል ነበር፣ ብዙ ሰው ወጣ፣ ፎቶ ተነሣን። ከዓመት በኋላ ስንቆጥር የጸደቀው 19 ነው። የሁሉም የሆነ ችግኝ ውኃ የሚያጠጣው የለውም። በሁለተኛው ዓመት 30 ብቻ ተከልን። እያንዳንዱ ችግኝ አንድ ቤት ተመደበለት፣ ልጆቹም ስም አወጡለት። 26 ጸደቁ። ኋላ ላይ ስለ ዋንጋሪ ማታይ ሳነብ እኛ በኪሳራ የተማርነውን እሷ ገና ከጅምሩ እንደምታውቀው አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የገጠር ሴቶች የነገሯት ማገዶ እንደራቀ፣ ንጹሕ ውኃ እንደጠፋ ነው። ዛፉን የዚያ መልስ አደረገችው። ለሴቶቹ ትንሽ ክፍያ የሚሰጠው ደግሞ ችግኙ ሲጸድቅ ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት የተተከለው ዛፍ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር።

ከምግብ ትርፍራፊ ብስባሽ ለማዘጋጀት ስንነሣ ደግሞ ልንበተን ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ትርፍራፊ ከቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ሲሰላ ሙቀትን በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ 80 እጥፍ ይበልጠዋል። እኔም ይህን እየተናገርኩ ጉድጓዱን የት እንደምናደርገው ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ሳንመካከር ከአጥሯ ሥር ቆፈርን። ሽታው እሷ ቤት ገባ። ተቆጣች፣ ልክም ነበረች። ሁለት ቤተሰብ ጥሎን ወጣ። ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፣ ጉድጓዱን አነሣን። አዲሱን ደንብ ያወጣነው እሷ ራሷ ባለችበት ነው፤ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም፣ ማን መቼ ያገላብጣል፣ ያላገላበጠ ሰው መጀመሪያ ምን ይባላል። ኤሊነር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የጋራ ደንን፣ ግጦሽን፣ የመስኖ ውኃን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ሲያስተዳድሩት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል በማሳየቷ ነው። ደንቡን የሚኖሩበት ሰዎች ካወጡት ይከበራል፣ ጠባቂዎቹም እነሱ ናቸው፣ ያጠፋ ሰው መጀመሪያ በቀላሉ ይገሠጻል። እኛ ይህን የደረስንበት ከአንድ አጥር ሥር ነው።

ለአንተ የምመክርህ ይህን ነው። ወደነዚያ አዛውንት ቤት ሂድ። ምንም ሳትይዝ ሂድ። «በዚያ ሌሊት ውኃው በየት ገባ?» ብለህ ጠይቃቸው።

ኢንጂነሩ፦

ለነርሷ ትልቅ አክብሮት አለኝ። የሠሩት ሥራ ሕይወት አድኗል። ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ ሐቀኛ አልሆንም።

ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ በዋናነት የሚመጣው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። አንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ በዓመት ሚሊዮን ቶኖችን ይለቃል። ሰፈር ተሰብስቦ ቦይ ቢጠርግ፣ ሠላሳ ዛፍ ቢተክል ያንን አይነካውም። ሰው «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ከተኛ ደግሞ መወሰን ያለባቸው ሁሉ ያመልጣሉ። ይህ ጉዳይ በሕግና በፖሊሲ ካልሆነ አይፈታም። ወጣቱ ጉልበቱን እዚያ ላይ ቢያውል አይሻልም?

ኤሌክትሪከኛው፦

ኢንጂነር፣ ስለ ልቀቱ ያልከው ልክ ነው። ግን ሕጉም የሚቆመው ሰፈር ላይ ነው። የነፋስ ተርባይን ይተከል የሚል ፖሊሲ ወጥቶ ነዋሪው «በእኛ ሜዳ አይሆንም» ብሎ ሲያስቆመው በብዙ አገር አይተናል።

የዴንማርኳን የሳምሶ ደሴት ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሥር ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል ለመኖር የወጣ መንግሥታዊ ውድድር አሸነፈች። ነዋሪዋ 4 ሺህ ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙው ሰው ግድ አልሰጠውም። ሶረን ሄርማንሰን የሚባል የደሴቲቱ ልጅ፣ መምህር ነበረ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እየሄደ አወራ። ተርባይኑ የሌላ ኩባንያ አልሆነም። ገበሬዎች ገዙ፣ ሌሎች አክሲዮን ገቡ። በ2000 መሬት ላይ 11 ተርባይን ቆመ፣ በ2003 ባሕር ላይ 10 ተጨመረ። ደሴቲቱ በዓመት ከምትጠቀመው በላይ ኤሌክትሪክ ከነፋስ ታመነጫለች። ያ ሁሉ ሲሆን መንግሥት ነበረበት፣ ፖሊሲም ነበረበት። ግን ጎረቤት ከጎረቤት ባይነጋገር አንዱም አይተከልም ነበር።

የታችኛው ሰፈር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ (እንዲህ ብልዎት ደስ ይለኛል)፣ መልስዎን ለእናቴ አነበብኩላት። የአዛውንቱ ታሪክ ላይ ስደርስ አልቅሳለች።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ጎርፉ የሚገባው እኛ ታች ያለነው ቤት ነው። ውኃው የሚመጣው ግን ከላይኛው ሰፈር ነው። እነሱ ግቢያቸውን ሁሉ ሲሚንቶ አልብሰውታል፣ የጣሪያ ውኃቸውም ቀጥታ መንገድ ላይ ይወርዳል። እነሱን አንድም ቀን ጎርፍ ነክቷቸው አያውቅም። ምን ብዬ ነው የማስመጣቸው? ብወቅሳቸው ይዘጉብኛል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦

አትውቀሳቸው። አብዛኞቹ አያውቁም። ውኃ ከግቢያቸው ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እንዲያዩት አድርግ። ከቻልክ በዝናብ ቀን ወደ ታች ጥራቸው፣ ካልሆነም ውኃው የደረሰበትን ቦታ አሳያቸው። ሲያዩ ምን እንደሚሉ ግን አንተ አትናገርላቸው።

ሌላው ደግሞ፣ እነሱ ከላይ ሆነው ዝናቡን ቀድመው ያያሉ። ይህ ለእናንተ ሀብት ነው። በዛሬዋ ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 በመጣ አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ የማያንስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውሎ ነፋስ ቅድመ ዝግጅት ፕሮግራም ተቋቋመ። የሚሠሩት ከመንደሩ የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ይናገራሉ፣ ደካማውን ተሸክመው መጠለያ ያስገባሉ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሆነዋል፣ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በ2020 አምፋን የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ከቤቱ ወጥቷል። አውሎ ነፋሱን ማንም አላስቆመውም፤ የሞተው ሰው ግን ከ1970ው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሰው ስልክ መደወል ብቻ እንዲያደርጉ ጠይቅ። «ዝናቡ ከበረታ ደውሉልን።» እምቢ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዴ ከደወለ በኋላ ታች ያሉት ደኅና መሆናቸውን ሳያውቅ አይተኛም።

ኢንጂነር፣ ለእርስዎም አንድ ቃል። እኔ ያየሁት ሰው ትንሽ ሠርቶ ሲተኛ አይደለም። ያንን ደብተር ይዘን የጀመርን ሰዎች ነን ከሦስት ዓመት በኋላ ካርታችንን ተሸክመን አስተዳደሩ ቢሮ የሄድነው። አዲስ በሚሠራው መንገድ ላይ የዛፍ ቦታ እንዲተው ጠየቅን። የገባነው ስድሳ ሁለት ሰው ሆነን ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ በነበረ ጊዜ ደብዳቤዬን ተቀብለው ሸኝተውኛል። ያን ቀን ግን ወንበር አምጥተው አስቀመጡን። ቦታውም ተተወ።

ኢንጂነሩ፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የታችኛው ሰፈር፣ የውኃ ነገር ሙያዬ ስለሆነ ካርታ ስትሠሩ ልርዳህ። ውኃው የገባበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ሰዓቱን ከእያንዳንዱ ቤት መዝግብ። ውኃውን በቦይ አፍጥኖ ማስወጣት ብቻ አታስቡ፤ ከእናንተ በታች ያለው ሰፈር ላይ ትልኩታላችሁ። ከላይ በኩል የሚቆይበትና ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ ፈልጉ።

የታችኛው ሰፈር (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት አዛውንቱ ጋ ነው። ጥያቄውን ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። ከዘራቸውን አንሥተው «ና» አሉኝ። ወደ ላይ ይዘውኝ ወጡ። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለ፣ ፍርስራሽ የሚደፋበት። «ውኃው የሚያድረው እዚህ ነበር» አሉኝ። ጎድጓዳ ረግረግ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በአፈርና በድንጋይ ሞሉት። ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር አላውቅም ነበር። ለካስ ስብሰባዬ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡኝ ይህን ያውቁ ነበር፣ እኔ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ አብረን በር ማንኳኳት ጀመርን። 37 ቤት ገብተናል። ሰው ያወራል! አንዳንዱ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል። በየቤቱ ውኃው የደረሰበትን ቦታ ባለቤቶቹ ራሳቸው ግድግዳው ላይ በጠመኔ እንዲያሰምሩ ጠየቅን። 23 ቤት ላይ ተሰምሯል። ኢንጂነሩ በስልክ እየመሩኝ ከፍታውን ለካሁ። ኤሌክትሪከኛው እንዳለኝም ከላይኛው ሰፈር የጣሪያ ውኃ የሚያጠራቅም አንድ ሰው አገኘሁ። በርሜሎቹን ለጎረቤቶቹ ያሳየልን እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ከላይ አሥራ አራት ሰው ወረደ። ምንም ንግግር አላደረግኩም። መስመሮቹን እያየን ብቻ ሄድን። መጨረሻ ላይ ያለችው ቤት ከሁሉም ዝቅ ያለች ናት። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ አቆመቻት። መስመሩ የልጅቷ ደረት ላይ ነው። እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄ ከእኛ ግቢ የሚወርደው ውኃ ነው?» አለችኝ። በከፊል አዎ አልኳት። ስልክ ለመደወል ፈቃደኛ ከሆኑት ሦስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

ያን ዕለት አንድ ልጅ «ዝናቡ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ግራፉን ከኪሴ አወጣሁ። ታጥፎ ታጥፎ ተቀድዷል። ሁሉም ዙሪያዬን ቆሞ አየው።

ስለ ባዶው ቦታ ለአስተዳደሩ በ71 ሰው ፊርማ ደብዳቤ አስገብተን ፍርስራሹን እንድናነሣ ተፈቅዶልናል። ቁፋሮው ገና ይወሰናል። ቅዳሜ ጠዋት ማንሣት እንጀምራለን። አዛውንቱ ትናንት ብቻቸውን ወጥተው የድሮው ረግረግ ዳርቻ የት የት እንደነበር በእንጨት ችካል ምልክት አድርገዋል። አሥራ ሰባት ችካል ቆጠርኩ።